የወደቀ ሰው ስታዩ ለማንሳት አትቸኩሉ

ለድሬዳዋ ነዋሪዎች፣ ለሱቅና ለሕንፃ ባለቤቶች የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

ውድ የድሬ ሰዎች፣

እንደምን ሰነበታችሁ? ይህን ደብዳቤ የምጽፍላችሁ እናቴ ከወደቀችበት ቀን ጀምሮ ሆዴ ውስጥ የቀረ ነገር ስላለ ነው። ለሚቀጥለው ሰው ይጠቅማል ብዬ አምናለሁ። ታገሱኝና እስከ መጨረሻው አንብቡልኝ።

ቀኑ ቅዳሜ ነበር። እማዬ ከቀፊራ ገበያ እየተመለሰች ነው። ቲማቲምና ጥቂት ሎሚ በፌስታል ይዛለች። ስድስት ሰዓት ሊሞላ ትንሽ ቀርቶታል። መቼም የድሬን ፀሐይ ታውቁታላችሁ፤ በዚያ ሰዓት አናት ይበሳል። ጥላ ፈልጋ ወደ አንድ ሕንፃ በረንዳ ጠጋ አለች። በረንዳው ነጭ ሴራሚክ ነው፣ ፊት የሚያሳይ። ሱቁ ለምሳ ሊዘጋ ስለሆነ አንዲት ልጅ በሳሙና ውሃ እያጠበችው ነበር። እማዬ ነጠላ ጫማ ነው ያደረገችው፣ ሶሉ ያለቀ። አንድ እርምጃ፣ ሁለተኛ እርምጃ፣ ከዚያ በቀኝ ጎኗ ዘፍ አለች።

ቀሪውን እዚያ የነበሩ ሰዎች ነግረውኛል። «እኔን! እኔን ይድፋኝ!» እያሉ ከግራ ከቀኝ ሮጡ። ሁለቱ ብብቷን፣ አንዱ ወገቧን ይዘው ብድግ አደረጓት። «እስቲ ተራመጂ እማማ፣ ይለቅሻል» አሏት። ጮኸች። የምታጥበው ልጅ እያለቀሰች ወንበር አመጣች። ፊቷ ላይ ውሃ ተረጨ። ሎሚዎቹን ከመንገድ የለቀሙላት ሕፃናት ሳይቀሩ ነበሩ። ባጃጅ ተጠራ። አጣጥፈው ከኋላ ወንበር አስገቧትና ቤት አደረሷት።

በዚህ ሁሉ ውስጥ ከክፋት የመጣ አንድም ነገር የለም። ሁሉም ከፍቅር ነው። ድሬ እንደዚህ ናት፣ አቦ! ሰው ወድቆ የሚያልፍ ሰው የለባትም። ግን እናቴን የበለጠ የጎዳት ያ ጥድፊያ ሊሆን እንደሚችል ያወቅኩት ሆስፒታል ኮሪደር ላይ ቆሜ ነው።

ስደርስ ፍራሽ ላይ በጀርባዋ ተኝታለች። ድሪያዋ አሁንም እርጥብ ነው። ቀኝ እግሯን አየሁት። ከግራው አጠር ብሏል። መዳፉ ወደ ውጭ ዞሮ ጣቶቿ ግድግዳውን ያያሉ። ዛሬ ያንን ምልክት ከሩቅ ባይ ዳሌ ተሰብሯል ብዬ እጮሃለሁ። ያን ቀን ግን አላወቅኩም። አንድ ጎረቤት «ወለም ብሏት ነው፣ ወጌሻ ይያት» አለ። ሄጄ የጠራሁት እኔ ነኝ። ሁለት ቀን በቅቤ ታሸች። ሁለት ሌሊት ትራስ ነክሳ አደረች። በሦስተኛው ቀን ራጅ ስትነሳ የጭኗ አጥንት አንገቱ ላይ ተሰብሮ፣ ስብራቱም ቦታውን ለቆ ታየ።

ሐኪሙ አልተቆጣም። ዝም ብሎ ፊልሙን በመስኮቱ ብርሃን አሳየኝ። «ማነው ያቆማት?» ብቻ አለኝ። መልስ አልነበረኝም።

እንግዲህ የምለምናችሁ ይህን ነው። የወደቀ ሰው ስታዩ ሩጡ፣ ግን አታንሱት።

በ1998 ዓ.ም. የደቻቱ ወንዝ የሞላ ሌሊት ሰው ሰውን በእጁ፣ በፀጉሩ፣ በልብሱ ጎትቶ አውጥቷል። ያኔ ትክክል ነበር። ውሃ ሲመጣ፣ እሳት ሲነሳ፣ መኪና ሊገጭ ሲል ትጎትታላችሁ። የተጎዳ አጥንት አይታይም፣ ነፍስ ይቀድማል። በረንዳ ላይ የወደቀች እናትን ግን የሚያሳድድ ነገር የለም። አስር ደቂቃ መሬት ላይ ብትቆይ አትሞትም። በሚረብሽ አያያዝ ብትነሳ ግን የተሰነጠቀ አጥንት ሊለያይ ይችላል። አንገት ወይም አከርካሪ ተጎድቶ ከሆነ ደግሞ ነገሩ ከዚህም ይከፋል።

ታዲያ ምን ይደረግ? መጀመሪያ አጠገቧ ቁጭ በሉ። ከላይ ሆናችሁ አትጩሁባት። ስሟን ጠይቋት። የት ጋ እንደሚያማት፣ ጭንቅላቷን መትቷት እንደሆነ፣ እጅ እግሯ ደንዝዞ እንደሆነ ጠይቋት። የእግር ጣቶቿን ታንቀሳቅስ። አንገቷን ወይም ጀርባዋን ካመማት፣ ወይም መደንዘዝ ካለ፣ ጭንቅላቷን ሳታንቀሳቅስ እንዳለች ትቆይ። አንድ እግር ካጠረና ወደ ውጭ ከዞረ አታቁሟት፣ አታስቀምጧት። ምንም ምልክት ከሌለና ራሷ ልነሳ ካለች ደግሞ በራሷ ጊዜ፣ በራሷ ጉልበት ትነሳ። እናንተ ደግፉ እንጂ አትጎትቱ።

የኛ አገር ፀሐይ ደግሞ ሌላ ጣጣ አለው። እኩለ ቀን ላይ ሴራሚክና አስፋልት ያቃጥላል። ስለዚህ ጃንጥላ ያዙላት፣ ነጠላ ዘርጉላት፣ ሰዉን ገለል አድርጋችሁ አየር ይግባላት። ውሃ እየጠማትም ቢሆን ከንፈሯን ማርጠብ ይበቃል። ኦፕራሲዮን የሚያስፈልጋት ከሆነ ሆዷ ባዶ ቢሆን ይሻላል።

ከዚያ ማጓጓዝ ነው። ባጃጅ የድሬ እግር ነው፤ ያለ ባጃጅ አንኖርም። ዳሌዋ ለተሰበረ ሴት ግን ከባጃጅ የባሰ ነገር የለም። ጉልበት ታጥፎ፣ በኮብልስቶኑ ላይ እየተንገጫገጨ! አምቡላንስ ጥሩ፤ የቀይ መስቀሉ ቁጥር 907 ነው። ካልተገኘ ሰው ዘርግቶ የሚያስተኛ ሚኒባስ ወይም ፒክአፕ ፈልጉ። ከሥሯ ጠፍጣፋ ነገር ይግባ፤ የበር ሳንቃ ወይም ጠንከር ያለ ፍራሽ ይሆናል። በእግሮቿ መሐል ትራስ ወይም የተጠቀለለ ጋቢ አድርጉና የተጎዳውን እግር ከደህናው ጋር በነጠላ ሰብሰብ አድርጋችሁ እሰሩት። ጠበቅ ሳይሆን እንዳይወዛወዝ ያህል። ለአራት ሆናችሁ በአንድ ጊዜ አንሱ። ይህንን ማንም ጎረምሳ ይችለዋል። ያን ቀን እዚያ በረንዳ ላይ ከስምንት ሰው በላይ ነበር።

በእጁ የወደቀ ሰው ደግሞ ብዙ ጊዜ አንጓው ላይ ይሰበራል። ሁላችንም ስንወድቅ መዳፍ እናስቀድማለንና። እዚህ ላይ አንድ ትንሽ ነገር አለች። ቀለበትና አምባር ወዲያው ይውለቅ። አንድ ሰዓት ቆይቶ እጅ ሲያብጥ አይወጣም። ሆስፒታል አጠገባችን የተኛች አንዲት ሙሽራ የጋብቻ ቀለበቷን በመቁረጫ ሲቆርጡት አይቻለሁ። ከስብራቱ ይልቅ ለቀለበቱ ነበር የምታለቅሰው።

ወጌሻን በተመለከተ በጥንቃቄ መናገር እፈልጋለሁ። አያቶቻችን ሐኪም ባልነበረበት ዘመን በወጌሻ ድነዋል። የመጣልንም ሰውዬ ደግ ሽማግሌ ናቸው፤ ሳንቲም አልተቀበሉንም። ግን እጅ ራጅ አይደለም። ያልታየ ስብራት ሲታሽ ይለያያል፣ ውስጡን ደም ያፈስሳል። ከዚህ የሚብሰው ማሰሩ ነው። በቀርከሃ ወይም በእንጨት ጥብቅ ተደርጎ የታሰረ እጅ ወይም እግር ውስጥ ለውስጥ ያብጣል። ማሰሪያው አይለጠጥም። ደም መንገድ ያጣል። ጡንቻ ያለ ደም ለ6 ሰዓት ያህል ከቆየ መሞት ይጀምራል። ከዚያ የሚከተለው ጋንግሪን፣ የሥጋ መበስበስ ነው። በአገራችን ሆስፒታሎች ከወጌሻ ማሰሪያ በኋላ እጃቸው የተቆረጠ ልጆች አሉ። ከዛፍ ወድቀው፣ ኳስ ሲጫወቱ ወድቀው፣ በቀላሉ የሚድን ስብራት ይዘው የገቡ ልጆች።

ስለዚህ ማንም ይሰረው ማን፣ ሆስፒታል በጀሶ የታሰረውም ቢሆን፣ ጣቶቹን እዩ። ከቀዘቀዙ፣ ከጠቆሩ ወይም ከገረጡ፣ ከደነዘዙ፣ ሕመሙ እየቀነሰ መሄድ ሲገባው ከጨመረ፣ ጣት ቀና ሲደረግ ካስጮኸ፣ እስኪነጋ አትጠብቁ። የጨርቁንና የእንጨቱን ማሰሪያ ወዲያው አላሉት። ጀሶ ከሆነ በዚያው ሌሊት ወዳሰረው ሆስፒታል ሩጡ። «ታገስ፣ አጥንቱ እየገጠመ ነው» የሚላችሁን አትስሙ።

ትኩስ ፎጣም እንደዚሁ ነው። በመጀመሪያዎቹ ሁለት ቀናት እብጠት የሚፈልገው ቅዝቃዜ ነው። በጨርቅ የተጠቀለለ በረዶ፣ ለሃያ ደቂቃ ያህል፣ አረፍ እያሉ። ድሬ ላይ በረዶ የማይሸጥበት ሰፈር የለም።

ጭንቅላት የመታው ሰው ጉዳይ ግን ቀልድ የለውም። ወዲያው ደህና ነኝ ሊል ይችላል። በሚቀጥሉት ሃያ አራት እስከ አርባ ስምንት ሰዓታት የሚከታተለው ሰው ያስፈልገዋል። ደጋግሞ ካስመለሰው፣ እንቅልፍ ካበዛና ለመቀስቀስ ካስቸገረ፣ ከተንቀጠቀጠ፣ ንግግሩ ከተሳሰረ፣ ከጆሮው ወይም ከአፍንጫው ንፁህ ውሃ የመሰለ ነገር ከወረደ በፍጥነት ሆስፒታል። ደም የሚያቀጥን መድኃኒት የሚወስድ ሰው ደግሞ ምልክት እስኪያሳይ አይጠበቅም፣ በዚያው ቀን ይታይ። በአረጋውያን ላይ ደሙ ቀስ ብሎ ተጠራቅሞ ከሳምንታት በኋላ ራስ ምታትና መርሳት ሆኖ የሚመጣበት ጊዜ አለ። ያኔ ቤተሰብ መውደቁን ረስቶታል። «አርጅቶ ነው» ወይም «ለክፎት ነው» ይባላል። ለሐኪሙ «ከወር በፊት ወድቆ ነበር» ማለትን አትርሱ።

አንድ ጥያቄ ደግሞ ሁልጊዜ ይጠየቅ። አንሸራቶት ነው የወደቀው ወይስ መጀመሪያ አዙሮት? የስኳር ወይም የደም ግፊት መድኃኒት የሚወስዱ ወላጆች አሉን። ራሱን ስቶ የወደቀ ሰው ከስብራቱ ሌላ የሚታከም ነገር አለው።

አሁን ወደሚከብደኝ ክፍል ልምጣ። ይሉኝታ።

እማዬ ኦፕራሲዮን ከተደረገች በኋላ የሕንፃው ባለቤት ሊጠይቃት መጣ። ብርቱካን በፌስታል፣ ሁለት ኪሎ ስኳር። ያቺ የምታጥበው ልጅም አብራው መጥታ በር ላይ ቆማለች፣ አልገባም ብላ። እማዬ ጠርታ ሳመቻት። ሰውዬው ጎንበስ ብሎ «እግዜር ይማርሽ እናቴ» አለ። ከልቡ ነው። ከዚያ በኋላ እንዴት ብዬ ስለ ገንዘብ ላንሳ? የአልጋ፣ የብረት፣ የመድኃኒት፣ የታክሲ ወጪ ኪሳችንን አራግፎታል። እኔ ከሥራ ከቀረሁ ወር አልፎኛል። ግን ሰው ብርቱካን ይዞ መጥቶ!

ብዙዎቻችሁ እዚህ ቦታ ላይ ቆማችሁ ታውቃላችሁ። ዝም እንላለን። ዝም ስንል በረንዳው እንዳለ ይቀራል።

ሕጋችን ስለዚህ ነገር ዝም አላለም። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 2028 በራሱ ጥፋት ሰው ላይ ጉዳት ያደረሰ ካሳ መክፈል አለበት ይላል። ቁጥር 2077 ደግሞ የሕንፃ ባለቤት ሕንፃው ለሚያደርሰው ጉዳት፣ ጉዳቱ አስቀድሞ ያልታሰበ ቢሆንም እንኳ፣ ኃላፊ እንደሆነ ይናገራል። ወለሉ ራሱ ነው ወይስ የሰው ቸልተኝነት የሚለውን የሕግ ባለሙያ ይለይላችኋል። የወደቀው ሰው የራሱ ጥፋት ካለበት ካሳው ይቀነሳል እንጂ ሁልጊዜ አይቀርም። ከሁሉም በላይ ግን ይህችን ያዙ። ክሱ ጉዳቱ ከደረሰበት ቀን ጀምሮ በ2 ዓመት ውስጥ መቅረብ አለበት። ቁጥር 2143። «ትንሽ ትዳን፣ ከዚያ እናወራለን» እየተባለ ሁለት ዓመት እንደ ሁለት ሳምንት ይሄዳል።

ደግሞ ለሕመሙ፣ ለሐዘኑ ብዙ ይከፈለናል ብላችሁ አታስቡ። ለሞራል ጉዳት ሕጉ ያስቀመጠው ጣሪያ 1000 ብር ነው። የተጻፈው በዚያ ዘመን ብር ነው፣ እስከ ዛሬም ያው ነው። ስለዚህ ዋናው ያወጣችሁትና ያጣችሁት ነው። ያ ደግሞ የሚታወቀው በደረሰኝ ነው። የራጁን፣ የፋርማሲውን፣ የአልጋውን፣ ሚኒባስ ከተከራያችሁ የሹፌሩን ፊርማ፣ ከሥራ የቀራችሁበትን ቀን የመሥሪያ ቤት ደብዳቤ፣ ሁሉንም በአንድ ፌስታል ያዙ። የራጅ ፊልሙን ሐኪም ቤት ጥላችሁ አትምጡ።

ቦታውን በዚያው ቀን በስልክ ፎቶ አንሱ። ውሃው ሳይደርቅ፣ ሳሙናው ሳይታጠብ። ከሩቅም ከቅርብም። የወደቀው ሰው ያደረገውን ጫማ አስቀምጡ። ካዩት ሰዎች የሁለት ሰው ስልክ ቁጥር ተቀበሉ። እኔ በአራተኛው ቀን ስሄድ በረንዳው ደርቆ ያብረቀርቃል፣ አንድ ሰው ሻይ ይጠጣበታል። ማንም ምንም አላየም። ውሸታም ሆነው አይደለም፣ የየራሳቸው ኑሮ አለባቸው። ለሐኪሙም የትና እንዴት እንደወደቀች ንገሩት፣ ካርዷ ላይ ይጻፈው። ኋላ የሕክምና ማስረጃ ስታወጡ ከዚያው ላይ ነው የሚገለበጠው።

ፍርድ ቤት ግዴታ አይደለም። ሽማግሌ አለን፣ ለዚያውም የተከበረ። እኔ ራሴ በመጨረሻ የሄድኩት በሽማግሌ ነው። ግን ሕክምናው ወዴት እንደሚያመራ ሳይታወቅ «ምንም አልጠይቅም» የሚል ወረቀት አትፈርሙ። የዳሌ ስብራት በአንድ ኦፕራሲዮን ላያልቅ ይችላል። ስምምነቱ በጽሑፍ ይሁን። ወለሉ መቼ እንደሚስተካከል የሚል መስመር ደግሞ ይግባበት። እማዬ የጠየቀችው እሱን ብቻ ነበር።

ለናንተ ለሱቅና ለሕንፃ ባለቤቶች። አዲስ ሕንፃ ስትሠሩ የሳሎን ሴራሚክ ደጅ ላይ አታንጥፉ። ያምራል፣ አውቃለሁ። ውሃ ሲነካው ግን ቅባት ነው። ሸካራው ዓይነት ገበያ ላይ አለ። የተነጠፈውን ማንሳት ካቃታችሁ ሸካራ ፕላስተር ደረጃው ጠርዝ ላይ ለጥፉ። የደረጃውን ጠርዝ ቢጫ ቀቡት። ነጭ ደረጃ በእኩለ ቀን ብርሃን ለስልሳ ዓመት ዓይን አንድ ሜዳ ነው፣ የት እንደሚያልቅ አይታይም። የእጅ መደገፊያ ብረት ይግባበት። እርጥብ ጆንያ መፍትሔ አይደለም፣ ራሱ ይንሸራተታል። እጠቡ፣ ግን በሩን ከዘጋችሁ በኋላ ወይም ገና ሰው ሳይወጣ። መሐል ላይ ማጠብ የግድ ከሆነ ወንበር በአግድም አስቀምጡና መንገዱን ዝጉት። ምንም አያስወጣችሁም።

ያቺን የምታጥበውን ልጅም አስቡ። በባዶ እግሯ፣ በሳሙና ውሃ ላይ፣ በየቀኑ። እሷ ብትወድቅ የሥራ ላይ አደጋ ነው። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አሠሪው ጥፋት ባይኖርበትም ኃላፊ ያደርገዋል። ሕክምናዋን ይሸፍናል። መሥራት እስክትችል ድረስ፣ ቢበዛ ለአንድ ዓመት፣ ይከፍላታል፤ የመጀመሪያዎቹን 3 ወራት ሙሉ ደመወዟን፣ ቀጣዮቹን 3 ወራት ቢያንስ 75 በመቶ፣ ቀሪዎቹን 6 ወራት ቢያንስ 50 በመቶ። ብዙ ልጆች ይህንን አያውቁም። ወድቀው ወደ ገጠር ቤተሰባቸው ይመለሳሉ፣ በቦታቸው ሌላ ልጅ ትገባለች።

የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው በዓለም ላይ በየዓመቱ ወደ 684 ሺህ ሰው በመውደቅ ብቻ ይሞታል፣ አብዛኛውም እንደኛ ባሉ አገሮች። እኔ ግን ቁጥሩን የተረዳሁት አልጋ አጠገብ ነው። ዳሌው የተሰበረ አረጋዊ የሚሞተው ከስብራቱ ይልቅ ከመተኛቱ ነው። የሳንባ ኢንፌክሽን፣ የአልጋ ቁስል፣ እግር ውስጥ የረጋ ደም። ለዚህ ነው ኦፕራሲዮኑ በቶሎ፣ ቢቻል በሁለት ቀን ውስጥ እንዲሆን የሚፈለገው። እኛ ያን ሁለት ቀን በቅቤ ጨረስነው። ከኦፕራሲዮን በኋላ ደግሞ «ትረፍ፣ አትነሳ» የሚለው ደግነት ይጎዳል። ሐኪሙ ሲፈቅድ አስቀምጧት፣ አቁሟት፣ አራምዷት። ያን ጊዜ ነው ማንሳት።

እማዬ አሁን በዎከር ከአልጋዋ እስከ በረንዳው ትሄዳለች። ባለፈው ሳምንት የሕንፃው ባለቤት ደወለልኝ። ሴራሚኩን አስነስቶ በሸካራ ሲሚንቶ አስለስኖታል፣ ብረትም አስገብቷል። ሄጄ አየሁት። በጫማዬ ፈተግኩት፣ አይሄድም። ቤት ገብቼ ለእማዬ ነገርኳት። ስለ ወለሉ ምንም አላለችም።

«ያቺ ልጅስ፣» አለችኝ፣ «ጫማ ገዝቶላታል?»

አክባሪያችሁ
አንድ የመጋላ ልጅ፣ ድሬዳዋ